የሞተሩን ድምፅ ስሙ፣ ከዚያ ገንዘብ ላኩ

ቨርጂኒያ ከገባሁ 19 ዓመት ሆነኝ። አብዛኛውን ያሳለፍኩት መሪ ይዤ ነው፤ መጀመሪያ ታክሲ፣ ኋላ ኡበር። አዲስ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ያገለገለ መኪና ይገዛል። በሁለተኛው ዓመት ሞተሩን ገድሎ ይደውልልኛል። ሰልችቶኛል። ስለዚህ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

1. ወረቀት። ታይትሉ፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ወረቀት፣ ንጹህ መሆኑን ሳታዩ ዶላር አትቁጠሩ። በቃ።

2. ቺንጋ ነው ካቴና? ፒስተኑና ቫልቩ ተናበው እንዲሠሩ የሚያደርገው ወይ የጎማ ቺንጋ ነው፣ ወይ ታይሚንግ ቼን የምንለው የብረት ካቴና። አራት ሲሊንደር ካምሪ እስከ 2001 ሞዴል ቺንጋ ነበረው፤ ከ2002 ወዲህ ካቴና ነው። ቺንጋ ቀን አለው፤ አብዛኛው ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ማይል ባለው ውስጥ ይቀየራል። ካቴና ግን የተቆረጠ ቀን የለውም። ሻጩ «ዕድሜ ልክ ነው» የሚላችሁ ለዚህ ነው። እውነቱን ነው፤ ዘይቱ በጊዜው ለተቀየረለት ሞተር።

3. ድምፁ። በርዶ ያደረ ሞተር ጠዋት ስታስነሱት ለሁለት ሦስት ሰከንድ በጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚናጥ ዓይነት ድምፅ ካሰማ፣ ወይ ካቴናው ላልቷል ወይ እሱን ወጥሮ የሚይዘው ወጣሪ ደክሟል። ወጣሪው የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዘይት ሲጎድል ወይም ሲቆሽሽ ካቴናውን አጥብቆ አይዝም። የሞተር መብራት በርቶ በኮድ ማንበቢያው ፒ0016 የሚል የብልሽት ኮድ ከወጣ በዚያው ሳምንት አሳዩት። መካኒኩን «ኮዱን ብቻ አጥፋልኝ» እያላችሁ አትለምኑት! ሞተሩ ከተከፈተ ደግሞ ወጣሪውም፣ ካቴናው የሚንሸራተትበት ፕላስቲክም አብሮ ይቀየር። ብዙው ወጪ የእጅ ዋጋ ነው፤ ሁለቴ አትክፈሉ። ካቴናው ጥርስ ከዘለለ በብዙ ሞተሮች ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል። ያኔ ቴስታታ፣ ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ማውረድ ነው፣ ወይ ሌላ ሞተር መግዛት።

4. የዘይቱ ገንዘብ። ዋናው ነገሬ ይኸ ነው። በወር 4 ሺህ ማይል ትነዳላችሁ። ዘይት የሚቀየርበት 5 ሺህ ማይል ለእናንተ አምስት ስድስት ሳምንት ማለት ነው። «ዘይት ቀየርክ?» ስል «ወንድሜ ለሠርጉ ብር ጠይቆኝ...» ትሉኛላችሁ። ይህን መልስ መስማት አልችልም። የራሴ መልስ ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ በ2014፣ በብርዱ ወራት፣ ያ ድምፅ ለሦስት ወር ጠዋት ጠዋት ይሰማኝ ነበር። ሬዲዮ ከፍ አድርጌ እወጣለሁ። መካኒኩ 1,400 ዶላር ሲለኝ ገንዘቡ እጄ ላይ ነበር። በዚያው ሳምንት ለታናሽ ወንድሜ ሠርግ ላክኩት። ለድንኳን፣ ለበሬ፣ ለቪዲዮ። «አሜሪካ ሄዶ ተለወጠ» እንዳልባል ፈራሁ። ሠርጉ ባለፈ በ17ኛው ቀን መኪናው 395 መንገድ ላይ ተሳፋሪ እንደያዘ ቀጥ አለ። ሞተሩ አልተረፈም። አራት ወር ሙሉ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ጫንኩ። የማገኘው ከቤት ኪራይ አያልፍም ነበር።

እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትገዛው እኔ በምልከው ነበር። ስደውል «ደህና ነኝ ልጄ፣ ስለኔ አታስብ» ትላለች። ኪኒኑ እንዲበረክትላት ለሁለት እየገመሰች ትውጥ ነበር። ይህን እህቴ የነገረችኝ ከዓመት በኋላ ነው። ለሠርግ ድንኳን ብዬ የእናቴን መድኃኒት ነው የገመስኩት።

እባካችሁ፣ በየሳምንቱ ከምትሠሩት 50 ዶላር ለመኪናው ለብቻ አስቀምጡ። አትንኩት። ቤት ሲደወልም አትደብቁ፤ «ሁላችንም የምንበላው ከዚህ መኪና ነው፣ የዚህ ወር የእሱ ነው» በሏቸው። ይቀየማሉ። ይቀየሙ፣ ይታረቃሉ።

ነገ ጠዋት ስልክ ሳታነሱ፣ ሬዲዮ ሳትከፍቱ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉና አስነሱት።