ኒንጃ 400 ሞተር ሳይክል ላይ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው

«ባለቤቴ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቴን ትላለች፣ ፍሬን ስይዝም እየተንሸራተተች ትጫነኛለች» ላልከው፦ ከሁሉ በፊት የኋላውን የእግር መርገጫ አውርደው። የስፖርት ሞተር መርገጫ ከፍ ስለሚል ጉልበት ከልክ በላይ ይታጠፋል። ማውረጃ ማያያዣ ይሸጣል፤ 3 ሳንቲሜትር እንኳ ለጉልበት ትልቅ እፎይታ ነው።

ቀጥሎ የእሷን ወንበር የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ልጆች ጋ ውሰደው። ጠንከር ያለ ስፖንጅ ይጨምሩበት፣ ወደ አንተ እንዳትንሸራተት ከፊት በኩል ከፍ ይበል። ለስላሳው በእጅ ሲጫኑት ደስ ይላል፤ መንገድ ላይ ግን ወዲያው ይተኛል። የሁለት ሰው ክብደት እንዲችል የኋላውን ሞላም ጠበቅ አድርገው።

አደራ፣ መርገጫውን ካወረድክ በኋላ እሷን አስቀምጠህ ተረከዟ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጋ እንዳይደርስ እይ። እኔ ሳላይ ወጥቼ የወንድሜ ጫማ ሶል ቀልጦ ተጣበቀ። ሽታውን የሞተሩ መስሎኝ ነበር።