የጀፈርሰን አማት ጆን ዌልስ እና ሁለቱ ቤተሰቦቹ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለ ቶማስ ጀፈርሰንና በባርነት ይዟት ልጆች ስለወለደችለት ስለ ሳሊ ሄሚንግስ ብዙ ተወርቷል። እኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከጀፈርሰን አማት ከጆን ዌልስ ነው ባይ ነኝ። በዚህ ሰው ላይ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውየው ከባላባት ቤተሰብ ነው እንዴ?

አይደለም። በ1715 እንግሊዝ አገር ላንካስተር ውስጥ ነው የተወለደው፤ ከተራ ቤተሰብ። ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ወደ ቨርጂኒያ ተሻገረ፣ ጠበቃ ሆነ፣ መሬት ገዛ፣ ትምባሆ አስተከለ። የሚኖረው ቻርልስ ሲቲ ካውንቲ ውስጥ ዘ ፎረስት በሚባል ርስቱ ላይ ነበር። ጀፈርሰን በስተርጅና ስለ አማቱ ሲጽፍ፣ ብዙ ደንበኛ ያገኘው ሕግ ጠልቆ ስለሚያውቅ ሳይሆን ታታሪ፣ ቀጠሮ አክባሪና ቀልጣፋ ስለነበረ ነው ይላል። ጨዋታ አዋቂ ነበር፣ የትም ቢሄድ ሰው ይወደው ነበር ሲልም ያክላል።

ጥያቄ፦ በጥብቅና ብቻ እንዲህ ይከበራል?

በጥብቅና ብቻማ አልነበረም። ብሪስቶል ከተማ የሚገኘው የፋረል እና ጆንስ ንግድ ቤት ወኪል ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የቨርጂኒያ ገበሬ ትምባሆውን ወደ እንግሊዝ ይልካል፣ ነጋዴው ይሸጥለታል፣ በምትኩ ልብስ፣ ዕቃና ወይን በዱቤ ይልክለታል። ትምባሆው ዋጋ ባጣ ቁጥር ዕዳው ይቆለላል። ያን ዕዳ ቤት ለቤት እየዞረ የሚሰበስበው ዌልስ ነው። ማን ስንት እንዳለበት፣ ማን ሊከስር እንደተቃረበ ያውቃል። በዚያ ላይ ሕግ ያውቃል።

ሌላው ገቢው የሰው ንግድ ነው። በ1772 ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ የምትባል መርከብ ወደ 280 የሚጠጉ አፍሪካውያንን ጭና ስትመጣ፣ ዌልስና ሪቻርድ ራንዶልፍ የተባለ ባለርስት ሰዎቹን በኮሚሽን የመሸጡን ሥራ ያዙ። የሸጡትም በዱቤ ነበር። ይህ ዱቤ በኋላ ወራሾቹን አሳሯቸዋል።

ጥያቄ፦ ስንት ጊዜ አገባ?

ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያዋ ማርታ ኤፕስ ናት፤ በ1746 ተጋቡ፣ በ1748 ሴት ልጅ ወልዳ ወዲያው አረፈች። ሕፃኗም በእናቷ ስም ማርታ ተባለች፤ በኋላ የጀፈርሰን ሚስት የሆነችው እሷ ናት። ሁለተኛዋ ታቢታ ኮክ ነች። እሷም ሴቶች ልጆች ወልዳለት ሞተች። ሦስተኛዋን ኤልሳቤጥ ሎማክስን በ1760 አገባ፣ በዓመቱ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ አላገባም።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ ቤቲ ሄሚንግስ መጣች ማለት ነው? ውሽማው ነበረች?

እህቴ፣ እኔ በዚህ ቃል አልጠራትም። ንብረቱ ነበረች። እምቢ የማለት መብት አልነበራትም።

ኤልሳቤጥ (ቤቲ) ሄሚንግስ በ1735 ገደማ ነው የተወለደችው። እናቷ አፍሪካዊት፣ አባቷ ሄሚንግስ የሚባል እንግሊዛዊ የመርከብ አለቃ ነበር። የሳሊ ልጅ ማዲሰን ሄሚንግስ እንደተናገረው፣ አባትየው ልጁን ገዝቶ ሊወስዳት ፈልጎ በባርነት የያዛት ጌታ እምቢ ብሎታል። ወደ ዌልስ ቤት የገባችው ማርታ ኤፕስ ስታገባ በጋብቻ ውል ከተሰጡት ሰዎች ጋር ነው። ሦስተኛዋ ሚስት ከሞተች በኋላ፣ ከ1762 እስከ 1773 ባለው ጊዜ ስድስት ልጆች ወለደችለት፤ ሮበርት፣ ጄምስ፣ ቴኒያ፣ ክሪታ፣ ፒተር እና ሳሊ።

ጥያቄ፦ አባታቸው ሀብታም ነጭ ከሆነ እንዴት ባሪያ ሆኑ? እኛ ዘር የምንቆጥረው በአባት ነው።

እንግሊዞቹም በአባት ነበር የሚቆጥሩት! በ1650ዎቹ ኤልሳቤጥ ኪ የምትባል ሴት፣ አባቴ እንግሊዛዊ ነው ብላ ቨርጂኒያ ውስጥ ከስሳ ነፃ ወጥታለች። የቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት ግን በ1662 አዲስ ሕግ አወጣ፦ ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል። እናት ባሪያ ከሆነች፣ አባት ማንም ይሁን ማን ልጁ ባሪያ ነው። ከዚህ ሕግ በኋላ አባት ልጁን የማሳደግም የማውረስም ግዴታ የለበትም። እንዲያውም ልጅ በወለደ ቁጥር ሀብቱ ይጨምራል። ይህን ሕግ ሳያውቁ የዌልስን ቤት መረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ማስረጃ አለ ወይስ ወሬ ነው? ዲኤንኤውስ?

ዌልስ ራሱ ልጆቼ ናቸው ብሎ አልጻፈም። ማዲሰን ሄሚንግስ ግን በ1873 በአንድ የኦሃዮ ጋዜጣ ላይ የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ ዘርዝሯል። የጀፈርሰን ርስት በሆነው ሞንቲቼሎ ውስጥ በባርነት ያደገው አይዛክ ጀፈርሰንም፣ ሄሚንግሶች የሽማግሌው ዌልስ ልጆች ናቸው ይባል ነበር ብሎ ተናግሯል፤ ሳሊ ለነጭ የቀረበች፣ ቀጥ ያለ ጸጉሯ ጀርባዋ ላይ የወረደ መልከ መልካም ሴት እንደነበረች ያስታውሳል። የ1998ቱ የዲኤንኤ ምርመራ ግን የጀፈርሰንን የወንድ ዘር መስመር ከሳሊ ልጅ ከኤስተን ዘር ጋር ያገናኘ ነው። ስለ ዌልስ የሚነግረን ነገር የለም፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ጥያቄ፦ ሲሞት ምን ተወ?

በግንቦት 1773 ሞተ። ለማርታና ለጀፈርሰን የደረሳቸው 11,000 ኤከር መሬት (ወደ 4,450 ሄክታር) እና 135 ሰው ነው። ቤቲና ልጆቿም ከ135ቱ ውስጥ ተቆጠሩ። ሳሊ ያን ዓመት የተወለደች ሕፃን ነበረች።

ዕዳውም አብሮ መጣ። አማቾቹ ዕዳው ሳይከፈል ርስቱን ስለተከፋፈሉ እያንዳንዳቸው በግል ተጠያቂ ሆኑ። ጀፈርሰን ለመክፈል ብሎ መሬት ሸጠ፤ ገንዘቡ እጁ ሲገባ ግን በአሜሪካ አብዮት ጦርነት የወረቀት ብሩ ረክሶ የኦክ ቅጠል ያህል እንኳ ዋጋ አልነበረውም፣ ራሱ እንዳለው። እንግሊዞቹ ያንን ብር አንቀበልም አሉ። ዕዳው ለዓመታት ተከተለው።

ጥያቄ፦ ማርታ የአባቷ ልጆች መሆናቸውን ታውቅ ነበር?

ማወቋን የሚያሳይ የእጅ ጽሑፍ የለም። ግን ቤተሰቡን ሰብስባ ሞንቲቼሎ ወሰደቻቸው፣ እርሻ ላይ ሳይሆን እቤት ውስጥ እንዲሠሩ ሆነ። በመስከረም 1782 ስትሞት፣ ቤቲና ልጆቿ አልጋዋ ዙሪያ ነበሩ፤ የ9 ዓመቷ ሳሊ ጭምር። ለሳሊ የሰጠቻት የእጅ ደወል በሄሚንግስ ቤተሰብ ሲወራረስ ኖሯል። እኔ ታውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ብታውቅም ግን ነፃ አላወጣቻቸውም።

ጥያቄ፦ ወንዶቹስ የት ደረሱ?

ሮበርት በ1794 ነፃ ወጣ። ጄምስን ጀፈርሰን ፓሪስ ወስዶ የፈረንሳይ ምግብ አሠራር አስተማረው። ነፃ የወጣው በ1796፣ ሙያውን ለወንድሙ ለፒተር ካስተማረ በኋላ ነው። ከመሄዱ በፊት የማድ ቤቱን ዕቃ በገዛ እጁ ጽፎ አስረክቧል፤ ወረቀቱ ዛሬም አለ። ብዙው ሰው መጻፍ በማይችልበት ዘመን ድስትና መጥበሻውን አንድ በአንድ ቆጥሮ መጻፉን ሳስብ በጣም ይገርመኛል። ፒተር ግን በባርነት ቀረ። ጀፈርሰን ከሞተ በኋላ በ1827ቱ ጨረታ ዘመዱ በ1 ዶላር ገዛው፤ ከዚያ በልብስ ሰፊነት ኖረ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ሄጄ የማየው ነገር አለ?

አለ እንጂ! ሞንቲቼሎ ሻርሎትስቪል አጠገብ ነው፤ በመኪና ጠዋት ወጥተህ ማታ ትመለሳለህ። ዋናውን ቤት ብቻ አይተህ እንዳትመለስ። ስለ ሄሚንግስ ቤተሰብ የሚያስረዳውን ጉብኝት ጠይቅ። በ2018 ለሕዝብ የተከፈተውን የሳሊን ታሪክ የሚያሳየውን ክፍልና ማድ ቤቱንም እይ። ልጆች ካሉህ ይዘሃቸው ሂድ።