ገጸ ባሕርይህ በምን አወቀ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከጓደኞቼ ጋር የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ እንይዛለን። አንዱ ደግሞ ጌም ማስተር ሆኖ የቀረውን ዓለም ይመራል። በቀደም ትሮል የሚባለው ጭራቅ ሲያጋጥመን አንዱ ጓደኛችን ወዲያው ችቦ ለኮሰ። ትሮል ቁስሉ ቶሎ እንደሚድንና እሳት እንደሚጎዳው እሱ ከጨዋታው የሕግ መጽሐፍ አንብቧል። ገጸ ባሕርዩ ግን ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ነው። ጌም ማስተሩ «አታውቅም» አለው። እሱም «አውቃለሁ እንጂ!» ብሎ ድርቅ አለ። ተጫዋቹ የሚያውቀውንና ገጸ ባሕርዩ የሚያውቀውን በአማርኛ እንዴት ለይተን እንናገር? ጌም ማስተሩንስ «የጨዋታው ጌታ» ብንለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። «አታውቅም» የተባለው ልጁ ነው፤ «አውቃለሁ» ያለው ደግሞ ተጫዋቹ። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ስለሚዞር ማን እንደተባለ ሳይታይ ቀረ። የመጀመሪያው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ባለቤቱን አውጥታችሁ ተናገሩ። «እኔ አውቃለሁ፣ ገጸ ባሕርዬ ግን አያውቅም» ሲባል ጭቅጭቁ ግማሽ በግማሽ ይበርዳል።

ሁለተኛው ነገር እኔን ይበልጥ ይማርከኛል። «ያውቃል» እና «አወቀ» የጊዜ ልዩነት ብቻ ያላቸው ይመስለናል። ልብ ብለን ከሰማናቸው ግን የሚናገሩት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። «ያውቃል» ስንል ዕውቀቱ ከእሱ ጋር አለ፤ ከየት እንደመጣ አልተነገረም። «አወቀ» ስንል ግን የማያውቅ ሰው የሚያውቅ የሆነበት አንድ ቅጽበት አለ። አየ፣ ሰማ፣ ተነገረው፣ ወይም ደረሰበት። በጨዋታው ውስጥ የሚያስፈልጋችሁ ይህ ቅጽበት ነው። ስለዚህ ጌም ማስተሩ «አታውቅም» ከማለት ይልቅ «በምን አወቀ?» ብሎ ይጠይቅ። በየቀኑ የምንጠቀምበት፣ ማንንም የማያስቀይም ጥያቄ ነው። ተጫዋቹ «አያቱ አዳኝ ነበሩ፤ ማታ ማታ ስለ ትሮል ያጫውቱት ነበር» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ያኔ ታሪኩ ላይ አንድ አያት ተጨመሩ ማለት ነው። መልሱ የማያሳምን ከሆነ ጌም ማስተሩ አይሆንም ይላል። ከተጠራጠረም ዳይሱ ይወረወርና ይለይላቸው።

አንተ ራስህ በጥያቄህ ውስጥ ሳታስበው መልሱን ጽፈኸዋል። «ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ» ብለሃል። እዚህ ላይ «አያውቅም» ስለ ትምህርትና ስለ መረጃ አይደለም የሚናገረው። በሕይወቱ ደርሶበት አያውቅም ማለት ነው። «ትሮል አይቶ አያውቅም»፣ «ችቦ ይዞ ተዋግቶ አያውቅም» እንላለን። ቋንቋችን ማወቅንና ማለፍን በአንድ ግሥ አስሯቸዋል። ገጸ ባሕርይ የሚያውቀው ደግሞ ልክ እንዲሁ ነው፤ ያለፈበትን፣ ያየውን፣ የተነገረውን ብቻ። የተጫዋቹ ዕውቀት ከዚያ ውጭ ካለ መጽሐፍ ነው የመጣው።

አንድ ትንሽ ቃል ደግሞ ልጨምርላችሁ፤ «ለካ»። «ለካ እሳት ነው የሚፈራው!» የሚል ሰው ነገሩን አሁን ነው የደረሰበት። አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው «ለካ» አይልም። ስለዚህ ቀድሞ ያነበበው ጓደኛችሁ በገጸ ባሕርዩ አፍ «ለካ» ሲል ዕውቀቱን ወደ ጎን አስቀምጦ እንደ ልጁ ተገርሟል ማለት ነው። ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይነቃም» የሚለው ተረት ለወቀሳ ነው የሚነገረው፤ በዚህ ጨዋታ ግን እያወቁ እንዳላወቁ መሆን የሚደነቅ ነገር ነው።

ወደ ስያሜው ልምጣ። «ጌታ» አልወደድኩትም። ጌታ ሲባል አሽከር ይታሰባል፤ ጓደኞችህ አሽከሮቹ አይደሉም። «ዳኛ» የተሻለ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የሚና ጨዋታ ራሱ መጀመሪያ ላይ ይህን ሰው የሚጠራው ዳኛ እያለ ነበር፤ «ማስተር» የሚለው ኋላ የመጣ ነው። አባባሉ የተወረሰው ከጦርነት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ የፕሩሲያ (የቀድሞ የጀርመን መንግሥት) መኮንኖች በካርታ ላይ ጦርነት ሲለማመዱ መሐል ላይ ዳኛ ይቀመጥ ነበር። እያንዳንዱ ወገን የሚያውቀው በጦር ሜዳ ቢሆን ሊያየው የሚችለውን ብቻ ነው፤ ያንን የሚነግረው ደግሞ ዳኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ መኮንን ደንቡ በዛ፣ የዳኛው ማስተዋል ይበልጣል ብሎ ተከራከረ። ማን ምን ያውቃል የሚለውና ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ከጥንቱም አብረው ነበሩ ማለት ነው።

ግን ዳኛ ከውጭ ሆኖ ይፈርዳል እንጂ አይጫወትም። የእናንተው ሰው እንደ ትሮሉም ያገሳል፣ እንደ መንደሩ ሽማግሌም ይናገራል። እኔ የምመርጠው «አጫዋች» የሚለውን ነው። «ተወያየ» ካለ «አወያይ» አለ፤ «ተደራደረ» ካለ «አደራዳሪ»፤ «ተጫወተ» ካለ «አጫዋች»። እነዚህ ሰዎች ሥልጣን አላቸው። አወያይ ተራ ይሰጣል፣ ያቋርጣል፣ ይዘጋል። ሐሳቡ ግን የተወያዮቹ ነው፤ ተወያይ ከሌለም አወያይ የለም። የጌም ማስተር ሥልጣንም እንዲሁ ይመስለኛል። ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ እሱ ይወስናል። ገጸ ባሕርይህ ምን እንደተሰማውና በሩን ይክፈት አይክፈት ግን ያንተ ነው።

አጫዋች ድሮ ንጉሥን የሚያስቅ ሰው ማለት ነበር የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን ቃሉ ከዚያ ይሰፋል። የእግር ኳስ ዳኛ ጨዋታውን «አጫወተ» እንላለን። ወግ የሚያወጋንንም ሰው «እስቲ አጫውተኝ» እንለዋለን። ጨዋታ በአማርኛ ውድድርም ወሬም ነው፤ እናንተ የምትጫወቱት ደግሞ ሁለቱንም ነው። ከዚህ የሚስማማ ቃል አላገኘሁለትም።

ጌም ማስተር የሚለውን የለመደ ይቀጥልበት፤ እኔ አልቆጣም። ስትሰበሰቡ ግን አንድ ጊዜ «ዛሬ ማን ያጫውተን?» ብላችሁ ጀምሩና ለጆሯችሁ እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ።