ቬንቲሌተሩን ከማስጀመራችሁ በፊት ቁመት ለኩ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፤

የመተንፈሻ ቱቦው ገብቶ ቦታው ከተረጋገጠ በኋላ የሁሉም ዐይን ወደ ቬንቲሌተሩ፣ ማለትም ወደ መተንፈሻ ማሽኑ፣ ይዞራል። ስክሪኑ ላይ ቀድሞ የተሞላ ቁጥር ይጠብቃችኋል፤ 500 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 12 ትንፋሽ። ያ ቁጥር ከዚህ በፊት ማሽኑ ላይ ለነበረው ሰው የተሞላ ሊሆን ይችላል። እለምናችኋለሁ፣ እንዳለ አትቀበሉት። መጀመሪያ ሜትር አንሡና ታካሚውን ከራስ እስከ ተረከዝ ለኩት። ቀጥ ብሎ መተኛት ካልቻለ አንድ ክንዱን ወደ ጎን ዘርጉና ከደረቱ አጥንት የላይኛው ጫፍ መካከል እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ ለክታችሁ በሁለት አባዙ፤ ለቁመቱ የቀረበ ግምት ይሰጣችኋል።

ሳንባ ቁመትን እንጂ ውፍረትን ተከትሎ አያድግም። አዋቂ ሰው ሃያ ኪሎ ቢጨምር ሳንባው ያው ነው። ስለዚህ ታይዳል ቮልዩም (በአንድ ትንፋሽ የሚገባው የአየር መጠን) የሚሰላው ሚዛን በሚነግረን ክብደት ሳይሆን ከቁመት በሚገኘው ነው። ለወንድ ከሴንቲ ሜትር ቁመቱ 152.4 ቀንሱ፣ በ0.91 አባዙ፣ 50 ደምሩ። ለሴት በ50 ፈንታ 45.5 ደምሩ። ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 85 ኪሎ የሆነ ሴት በዚህ ስሌት 52.4 ኪሎ ትሆናለች። በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ስናሰላ 314፣ በ8 ስናሰላ 419 ሚሊ ሊትር ይመጣል። በ85 ኪሎዋ ብታሰሉት ግን 8ቱ 680 ይሆንና ሳንባዋ በኪሎ 13 ሚሊ ሊትር ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የኤአርዲኤስ (ሳንባው በከባድ ብግነት ፈሳሽ የሚሞላበት ሁኔታ) ጥናት በኪሎ 12 ሚሊ ሊትርን ከ6 ጋር ሲያወዳድር ሞት ከ39.8 ወደ 31 በመቶ ወርዷል። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ መድኃኒት አይደለም፤ የቮልዩም መጠን ነው። ኤአርዲኤስ ካለ ከ6 ጀምሩ። ሳንባው ደህና ከሆነ እስከ 8 መሄድ ይቻላል፤ እኔ ግን ምክንያት ከሌለ 7ን እመርጣለሁ።

የትንፋሽ ቁጥሩን ለመገመት በደቂቃ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር አየር መነሻ ይሆናል። ለዚህች ሴት ወደ 5.2 ሊትር ነው፤ በ7 ሚሊ ሊትር ስሌት 367 ሚሊ ሊትር ብንሰጣት 14 ትንፋሽ ይበቃታል ማለት ነው። ትኩሳት ወይም ሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው አደገኛ ምላሽ) ካለ ከዚህ በላይ ያስፈልጋል።

ይህ ስሌት ክፉኛ የሚያሳስትባቸው ሁለት ታካሚዎች አሉ።

አንዱ ከባድ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ (የደም አሲድ መብዛት) ያለበት ነው። ባይካርቦኔቱ (ደም ውስጥ አሲድን የሚያመክነው) 6 ከሆነ በ1.5 አባዝታችሁ 8 ስትደምሩ፣ ሰውነቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ 17 ለማውረድ እየታገለ እንደነበር ታያላችሁ። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) በዚያ ትግል 7.17 አካባቢ ቆይቷል። አስተኝታችሁት በደቂቃ 14 ብትሰጡት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ 40 ይወጣል፣ ፒኤቹም ወደ 6.9 ይወርዳል፤ ልብ ሊቆም ይችላል። ቱቦው ከመግባቱ በፊት በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍስ እንደነበር ቁጠሩ፤ ማሽኑም በዚያው፣ ምናልባት በ28 ወይም በ30፣ ይጀምር።

ሌላው አስም ወይም ሲኦፒዲ (የቆየ የአየር መንገድ መጥበብ በሽታ) ያለበት ነው። እዚህ ጭንቁ አየር ማስገባት ሳይሆን ማስወጣት ነው። በደቂቃ 20 ትንፋሽ ከሰጣችሁ ለአንዱ የሚደርሰው 3 ሴኮንድ ነው፤ ማስገቢያው 1 ሴኮንድ ቢወስድ ለመውጫ 2 ብቻ ይቀራል። በ10 ግን 5 ይቀራል። ስለዚህ ከ8 እስከ 12 ባለው ጀምሩ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ቢል ፒኤቹ ከ7.2 ብዙ እስካልወረደ ታገሡት። የደም ግፊቱ በድንገት ከወደቀ አየር ደረት ውስጥ ታምቆ ይሆናልና ቱቦውን ከማሽኑ ነቅላችሁ አየሩ እስኪወጣ ጠብቁ። ግፊቱ ካልተመለሰ ኒሞቶራክስ (ከሳንባው ውጭ ደረት ውስጥ የገባ አየር) ፈልጉ።

ኦክስጅን በ100 በመቶ ይጀመራል፤ ዋናው እዚያው አለመርሳቱ ነው። ሳቹሬሽን (የደም ኦክስጅን መጠን) ከ92 እስከ 96 በመቶ ውስጥ ሲሆን ወዲያው መቀነስ ጀምሩ። ፒፕ (አየር ከወጣ በኋላ ሳንባው ውስጥ የሚቀረው ግፊት) በ5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይጀምር። ኤአርዲኤስ ካለ ይጨመራል፣ የደም ግፊትን ግን እያያችሁ።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ የኢንስፓይራቶሪ ሆልድ ቁልፍን (የገባውን አየር ለአፍታ የሚያቆመውን) ተጭናችሁ ፕላቶ ፕሬዠር፣ ማለትም አየሩ ቆሞ ሳለ ሳንባው ውስጥ ያለውን ግፊት፣ ለኩ። ታካሚው በራሱ እየሳበ ከሆነ ቁጥሩ አይታመንም። ከ30 በላይ ከሆነ ታይዳል ቮልዩሙን በኪሎ በ1 ሚሊ ሊትር ዝቅ አድርጉ፤ ወለሉ 4 ነው። ፒክ ፕሬዠር (አየሩ ሲገባ የሚታየው ከፍተኛው ግፊት) ከፍ ብሎ ፕላቶው ደህና ከሆነ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው፤ የታጠፈ ቱቦ፣ አክታ፣ የጠበበ ብሮንከስ (የሳንባ አየር ቧንቧ)። ሁለቱም ከፍ ካሉ ሳንባውን ወይም ደረቱን ጠርጥሩ፤ ቱቦው ወደ ቀኙ ብሮንከስ ብቻ መግባቱንም አትርሱ።

ብለድ ጋዝ (የደም ጋዝ ምርመራ) በ30 ደቂቃ ውስጥ ውሰዱ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 60 ሆኖ 45 ከፈለጋችሁ፣ አሁን ያለውን የትንፋሽ ቁጥር በ60 አባዝታችሁ ለ45 አካፍሉ፤ 16 ወደ 21 ይወጣል። ግን ከመቀየራችሁ በፊት የፍሎው (የአየር ፍሰት) ግራፉን እዩ። የመውጫው መስመር ቀጣዩ ትንፋሽ ሳይጀምር ዜሮ ካልደረሰ፣ ቁጥሩን መጨመር አየሩን ያሳምቀዋል እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደጠበቃችሁት አያወርደውም።