ኳሱ ሲፈጥን ምስሉ ለምን ይፈራርሳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የክለባችንን የእግር ኳስ ጨዋታዎች በኦቢኤስ ስቱዲዮ (የቀጥታ ስርጭትና የቀረጻ ፕሮግራም) በቀጥታ አሠራጫለሁ። ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል ምስሉ ጥርት ያለ ነው። መልሶ ማጥቃት ሲጀመር ግን ሣሩ አረንጓዴ ጭቃ ይመስላል፣ ኳሱ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ምስሉ ጭራሽ ቀጥ ይላል። ፈጣን ኢንተርኔት አስገባሁ፤ ለውጥ የለም። ያስቀመጥኩት 1080ፒ (1920 በ1080 ነጥብ) በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚላከው የመረጃ መጠን) 4500 ኪሎቢት ነው። ምን ይሻለኛል?
*የክለብ በጎ ፈቃደኛ*

መልስ፦ ሁለት በሽታ እንደ አንድ ቆጥረው ነው የጻፉልኝ። የሣሩ መበላሸት ሌላ፣ የምስሉ ቀጥ ማለት ሌላ።

ከሣሩ እንጀምር። ኢንኮደሩ (ምስሉን ለመላክ እንዲመች የሚጨምቀው ክፍል) ሥራውን የሚያቀልለት ከቀደመው ፍሬም ያልተለወጠውን እንዳለ መውሰድ ሲችል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ለዚህ ይመቸዋል፤ ከጀርባው ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስም። ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ሲዞር ግን ሜዳው፣ መስመሩ፣ ተመልካቹ ሁሉ አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ከእግር ኳስ ሜዳ የባሰ ጠላት ለኢንኮደር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ሂሳቡን ይመልከቱ። 1080ፒ በ60 ፍሬም ማለት በሰከንድ 124 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ነው። 720ፒ በ60 ፍሬም ደግሞ 55 ሚሊዮን ገደማ። ያቺኑ 4500 ኪሎቢት ለ124 ሚሊዮን ነጥብ ሲያከፋፍሏት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ሴቲንግስ ውስጥ ቪዲዮ የሚለውን ከፍተው የውጤቱን መጠን 1280 በ720 ያድርጉት፤ 60 ፍሬሙን አይንኩት። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ 1080ፒን ይዞ ፍሬሙን ወደ 30 ያወርዳል። ለቃለ መጠይቅ ይሁን። ለኳስ ግን አልመክርም፤ ተመልካች የማሊያውን ስፌት ማየት አይፈልግም፣ ኳሱ የት እንደሄደ ነው የሚፈልገው። 1080ፒ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካሉ ቢያንስ 6000 ኪሎቢት ያስፈልግዎታል። በየትኛውም ምርጫ የቢትሬት አሠራሩን ሲቢአር (የማይዋዥቅ ቢትሬት)፣ የኪፍሬም (ከቀደመው ሳይወስድ ሙሉ በሙሉ የሚላክ ፍሬም) ርቀቱን 2 ሰከንድ ያድርጉት።

ወደ ሁለተኛው በሽታ። ኦቢኤስ ላይ ስታትስ የሚባል መስኮት አለ፤ ስርጭቱ እየሄደ ክፍት አድርገው ይተዉት። ሦስት ቆጣሪዎች ያገኛሉ፤ ምስሉ ቀጥ ሲል የትኛው እየጨመረ እንደሆነ ያዩና ሐኪሙን በዚያ ይመርጣሉ።

የሬንደሪንግ (ምስሉን የማቀናበር) መዘግየት የሚለው ከጨመረ ግራፊክስ ካርዱ ተጨናንቋል። በስክሪኑ ላይ የደረደሩትን የብሮውዘር ሶርስ (በምስሉ ላይ የሚደረብ ድረ-ገጽ) እና የሚንቀሳቀስ ጌጥ ይቀንሱ። ዊንዶውስ ላይ ከሆኑ ደግሞ ኦቢኤስን በአድሚኒስትሬተር መብት ይክፈቱት፤ ከሌሎች ፕሮግራሞች ይልቅ ለእሱ ቅድሚያ እንዲሰጠው ይረዳል።

የኢንኮዲንግ (የመጭመቅ) መዘግየት ከጨመረና ኤክስ264 (በፕሮሰሰሩ የሚጨምቅ ኢንኮደር) የሚጠቀሙ ከሆነ ፕሮሰሰሩ አቅቶታል። ኮምፒውተርዎ የኤንቪዲያ ካርድ ካለው ወደ ኤንቬንክ፣ ኢንቴል ከሆነ ወደ ኩዊክ ሲንክ ይቀይሩት፤ ሁለቱም በግራፊክስ ቺፑ የሚጨምቁ ኢንኮደሮች ናቸው። ሁለቱም ከሌሉ የኤክስ264 ፕሪሴቱን (የፍጥነት ምርጫውን) ከቬሪፋስት ወደ ሱፐርፋስት ያውርዱት፤ ጥራት ትንሽ ይቀንሳል፣ ስርጭቱ ግን አይቆምም።

ድሮፕድ ፍሬምስ (ሳይላኩ የቀሩ ፍሬሞች) ከጨመረ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። «ፈጣን ኢንተርኔት» ተብሎ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የማውረጃው ፍጥነት ነው። እርስዎ ግን የሚልኩ እንጂ የሚያወርዱ አይደሉም፤ የአፕሎዱን ይለኩ። ቢትሬትዎ ከሚያገኙት አፕሎድ ሦስት አራተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዋይፋይ ይልቅ ኬብል ይጠቀሙ። በሞባይል ኢንተርኔት ከሆነ ልኬቱን ባዶ ሜዳ ላይ አያድርጉ፤ ተመልካች ገብቶ ሁሉም ስልኩን ሲያወጣ ያው አንዱ አንቴና ነው የሚያገለግለው። ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ውስጥ መጨናነቅ ሲኖር ቢትሬቱን በራሱ የሚቀንስ ምርጫ አለ፤ ያብሩት። የዳታ ጥቅልዎንም ያስቡበት፦ በ4500 ኪሎቢት ሁለት ሰዓት ማሠራጨት ከድምፁ ጋር 4.2 ጊጋባይት ገደማ ይበላል።

ጥያቄ፦ ኮሜንታተራችን «ጎል!» ብሎ ይጮሃል፣ ኳሱ ግን ገና መረብ አልነካም። ተመልካቾች ይስቁብናል።
*የሚሳቅበት ቡድን*

መልስ፦ ኮሜንታተሩ ነቢይ ካልሆነ ምስሉ ነው የዘገየው። ካሜራውና ካፕቸር ካርዱ (ምስሉን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ዕቃ) ምስሉን ለማቀነባበር ጊዜ ይወስዳሉ፤ ማይክሮፎኑ ግን ቶሎ ይደርሳል። መፍትሔው ድምፁን ማዘግየት ነው። ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨብጭበው ይቅረጹና ቅጂውን በፍሬም በፍሬም ይዩት። በ60 ፍሬም አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ድምፁ 9 ፍሬም ከቀደመ 150 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ ውስጥ በማይክሮፎኑ ረድፍ ሲንክ ኦፍሴት የሚለው ላይ 150 ይጻፉ። ልዩነቱ መጀመሪያ ሳይኖር ጨዋታው በገፋ ቁጥር የሚሰፋ ከሆነ ግን ይህ አያድንዎትም፤ ያኔ የማይክሮፎኑም የኦቢኤስም የድምፅ ናሙና 48 ኪሎኸርዝ መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ጊዜ አንዱ 44.1 ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ከቴሌቪዥን ዲኮደር በኤችዲኤምአይ ወደ ካፕቸር ካርድ አስገብቼ ትልልቅ የሊግ ጨዋታዎችን ለተከታዮቼ ላሳይ ብል ጥቁር ስክሪን ብቻ መጣ። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?
*ስሜ ይቆይልኝ*

መልስ፦ ካርዱ ደህና ነው። ኤችዲሲፒ የሚባለው የቅጂ መከላከያ ሥራውን እየሠራ ነው። ማለፊያ መንገድ ከእኔ አይጠብቁ፤ የስርጭቱ መብት የተገዛ ነው፣ የገዙት ደግሞ እርስዎ አይደሉም። ካርዱን ካሜራ ላይ ሰክተው የሠፈር ውድድር ቢያሠራጩ ማንም አይከለክልዎትም፤ አዘጋጆቹን ብቻ ያስፈቅዱ።

ጥያቄ፦ በ85ኛው ደቂቃ የላፕቶፑ ባትሪ አለቀ። ስርጭቱ መቋረጡ ሳያንስ የቀረጽኩት ኤምፒ4 ፋይልም አልከፈት አለ።
*የተናደደ ቀራጭ*

መልስ፦ ተራው ኤምፒ4 ፋይሉ እንዲነበብ የሚያስፈልገውን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ ነው፤ በመሐል ከተቋረጠ ማውጫ የለም። ከአሁን በኋላ በኤምኬቪ (ሌላ የቪዲዮ ፋይል ዓይነት) ይቅረጹ፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም እስከዚያ ድረስ ያለው ይተርፋል። ቪዲዮውን የሚያቀናብረው ሰው ኤምፒ4 ከጠየቀዎት ኤምኬቪውን ለመቀየር ከፋይል ሜኑ ሪመክስ ሪኮርዲንግስ የሚለውን ይጫኑ፤ ምስሉን እንደገና ስለማይጨምቀው ጥራቱ አይነካም፣ ቶሎም ያልቃል።