«ቴዎድሮስ አስቆረጠ» ወይስ «አስቆረጡ»?

የዛሬው ጥያቄ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣው። ጠያቂዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እንዲህ ትላለች፦

«በጭካኔ ስማቸው ስለሚነሣ ነገሥታት አጭር ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ታዘን ነበር። እኔም "ኔሮ እናቱን አስገደለ፣ አስፈሪው ኢቫን ልጁን ገደለ፣ ቴዎድሮስ ሸዋ ላይ የሰው እጅ አስቆረጠ" ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ኔሮን ዝም ብለው አለፉት። ቴዎድሮስ ጋ ሲደርሱ ግን በቀይ ሰርዘው "አፄ ቴዎድሮስ አስቆረጡ" ብለው አረሙኝ። "አስፈሪው ኢቫን" ያልኩትንም "ጨካኙ ኢቫን" አደረጉት። እጅ ያስቆረጠ ሰው አንቱ ይባላል እንዴ? ደንቡ ምንድን ነው?»

እህቴ፣ ከመምህርሽ ጋር አታጣዪኝ እንጂ ግማሹ ላይ እሳቸው ልክ ናቸው፣ ግማሹ ላይ ደግሞ አንቺ።

«አንቱ» የጠባይ ማርክ አይደለም። ለደግ ተሰጥቶ ከክፉ የሚነጠቅ ነገር አይደለም። ጎረቤታችን ያሉ ክፉ ሽማግሌ ከጀርባቸው ሲታሙ እንኳ «እኚህ ጨቅጫቃ ሽማግሌ» ነው የሚባሉት፤ ሐሜቱም በአንቱ ነው። በሌላ በኩል ፈጣሪን የሚያህል ነገር «አንተ» እንለዋለን። ማንም ቤተ ክርስቲያን ቆሞ «እግዚአብሔር ሆይ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አይልም። ስለዚህ ነጠላው ግሥ ንቀት፣ የአክብሮቱ ግሥ ደግሞ ምስጋና ነው ብለሽ ከተነሣሽ ገና ከመጀመሪያው ትስቻለሽ። ነገሩ የቅርበትና የርቀት ነው። የሮሙን ቄሣር ኔሮን አንቱ የማንለው ክፉ ስለነበረ ሳይሆን የማናችንም አያት ስላልነበረ ነው።

የቴዎድሮስ ነገር ግን ሸዋ ላይ ትንሽ ይወሳሰባል። (እኔም ስጽፍ አንዱን መምረጥ አለብኝና እዚህ በነጠላው እቀጥላለሁ፤ የሚቆጣ ይቆጣኝ።) በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ያዘ፣ ገና ልጅ የነበረውን ምኒልክን ወደ መቅደላ ወሰደ፣ በኋላም ሸዋ ሲያምፅበት ተመልሶ ያመፁትን እጅና እግር አስቆረጠ። አያቴ የአንጎለላ አካባቢ ሰው ነበረች። (አያቴንም አንቺ እያልኩ ነው ያደግሁት።) ማታ ማታ ውርጩ ሲብስ ምድጃ ዳር ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች ታወራን ነበር። የእጅ መቁረጡን ታሪክ ስታነሣ «ያ ካሳ መጣና» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ ግሡ ሁሉ ነጠላ ነው፦ አቃጠለ፣ ቆረጠ፣ የሣህለ ሥላሴን የልጅ ልጅ ይዞ ሄደ። ወሬው መቅደላ ሲደርስ ግን እንዝርቷ ይቆምና «አጤ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ» ትላለች። በዚያው ምሽት፣ በዚያው አፍ፣ ስለዚያው ሰው። እኛም ልጆች ሆነን ካሳና አጤ ቴዎድሮስ ሁለት ሰዎች ይመስሉን ነበር።

ምኒልክም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። 10 ዓመት ያህል መቅደላ ቆይቶ በ1857 ዓ.ም. አመለጠ። ቴዎድሮስ በ1860 ሲሞት ለሕዝቡ የደስታ በዓል አድርጎ፣ ለብቻው ሲሆን ግን አዘነ ይባላል።

ሕዝቡም በግጥሙ ሁለቱንም ይዟል። አንዱ እንዲህ ይላል፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

«ሞተ» ነው ያለው፣ «ሞቱ» አይደለም። ክብሩ ግን አልጎደለም፤ እንዲያውም «ወንድ አንድ ሰው» ከተባለ በኋላ ምን ይጨመራል? ሌላው ደግሞ፦

ገደልንም እንዳይሉ ሙተው አገኟቸው፣
ማረክንም እንዳይሉ ሰው የለ በጃቸው።

ይኸኛው በአንቱ ነው። ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ሞት፣ በሁለት ግሥ። ስለዚህ «ትክክለኛው የሕዝቡ አነጋገር የቱ ነው?» የሚል ቢመጣብሽ ሁለቱንም ግጥም አስነብቢው።

እኔን ከግሡ እርባታ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የግሡ ምርጫ ነው። ኔሮ እ.ኤ.አ. በ68 በገዛ እጁ ሞተ። ቴዎድሮስ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1868፣ ልክ 1800 ዓመት ቆይቶ። ሂትለር በ1945። የሦስቱንም አሟሟት በአማርኛ ጻፊ ብልሽ «ሂትለር ራሱን ገደለ»፣ «ኔሮ ራሱን አጠፋ»፣ «ቴዎድሮስ ራሱን ሠዋ» ብለሽ የምትጽፊ ይመስለኛል፤ እኔም ሳላስበው እንዲያ ነው የምጽፈው። «ገደለ» እና «ሠዋ» መካከል ያለው ርቀት በ«አስቆረጠ» እና በ«አስቆረጡ» መካከል ካለው በብዙ ይበልጣል፤ መምህርሽ ግን እዚያ ላይ ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሡ አይመስለኝም። እንደዚሁ «ቆራጥ» እና «ቆራጭ»ን እይ። ሥራቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ከ«ቆረጠ» ነው የወጡት፤ አንዱ ግን መወድስ ነው፣ አንዱ ደግሞ የእጅ ሥራ። በደርግ ጊዜ ሬዲዮ የሰማ ሁሉ «ቆራጡ መሪያችን» የሚለው ሐረግ እስካሁን ጆሮው ላይ አለ። በቀይ ሽብር ልጇን ያጣች እናት ቤት ሬዲዮው ተከፍቶ ይህ ቃል እንዴት እንደሚሰማ አስቢው። «አምባገነን»ም ቢሆን ሲፈታ ግማሹ «ገነነ» ነው፤ «ስሙ የገነነ ጀግና» የምንለው ያው ገነነ።

አሁን ወደ ሩሲያው ንጉሥ ወደ ኢቫን። እዚህ ላይ ልክ አንቺ ነሽ። ሩሲያኛው «ግሮዝኒ» ነው፤ ሥሩ ነጎድጓድና ማዕበል ነው። የቼቼንያ ዋና ከተማም ስሟ ይኸው ነው። ሩሲያዊ ሲሰማው ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ግርማም ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ1570 ኖቭጎሮድን ያስጨፈጨፈው፣ በ1581 ልጁን በገዛ እጁ መትቶ የገደለው እሱ ነው፤ ካዛንን ድል አድርጎ ሞስኮ ላይ ያንን ባለ ብዙ ጉልላት ካቴድራል ያሠራውም እሱ ነው። ቅጽል ስሙ ሁለቱንም ይሸከማል። «ጨካኙ» ካልሽው አንዱን ትከሻ ቆረጥሽው። «አስፈሪው» ይሻላል። ለእኔ «ግርማው የሚያስፈራው ኢቫን» ይበልጥ ይጥመኛል፣ ግን ረዘመ።

መምህርሽ ልክ የሆኑበት ደግሞ ይህ ነው። «አፄ» ካልሽ ግሡ ማዕረጉን ይከተላል። «አፄ ቴዎድሮስ አስቆረጠ» ብትዪ ባርኔጣ አድርጎ በባዶ እግሩ የወጣ ሰው ይመስላል። አንቺ ግን «አፄ» አላልሽም። በባዶ ስሙ ጀምረሽ በነጠላ ግሥ ጨርሰሻል፣ ስምምነቱ አልፈረሰም፤ ስለዚህ የታረመው ስሕተት አልነበረም። እሳቸው ማዕረጉንም ግሡንም አብረው ስለቀየሩ የእሳቸውም አልፈረሰም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የአክብሮት ግሥ ከብዙ ቁጥር ጋር አንድ ነው። «ሸዋ ዘልቀው እጅ አስቆረጡ» ብቻ ብትዪ፣ ንጉሡ ናቸው ወይስ የጦር አለቆቻቸው? አይታወቅም። እንዲህ ባለ ከባድ ጉዳይ ላይ አድራጊው መጥፋት የለበትም። በአንቱ ከጻፍሽ ስማቸውን ቶሎ ቶሎ መልሰሽ ጥሪው።

በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ሦስት ነገሥታትን ጎን ለጎን አሰልፈሽ አንዱን ብቻ አንቱ ማለት፣ አንባቢው ገና ሳያነብ ፍርዱን ሰጥቶ እንዲገባ ማድረግ ነው። ወይ ሦስቱንም በነጠላ፣ ወይ «ንጉሠ ነገሥት ኔሮ እናታቸውን አስገደሉ» ማለት ነው። ሁለተኛውን ለመምህርሽ አንብቢላቸውና ፊታቸውን እይው።