መልስ፦ ለዓመታት የቆመውን ቮልስ ልግዛው?

ወንድሜ፣ እዚሁ ጅማ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ ቮልስ አግኝተህ «ከሞተሩ ልጀምር ወይስ ከቀለሙ?» ብለሃል። ከሁለቱም በፊት ወለሉን እይ። የኛ ከተማ ዝናብ ላሜራ አይምርም።

የኋላ መቀመጫውን አንሳ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ አሲዱና እርጥበቱ ተባብረው ወለሉን የሚበሉትም ከሥሩ ነው። በካቻቢቴ ጠቅ ጠቅ አድርገው። የኔ እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ፤ ከላይ ግን ቀለሙ ያብረቀርቅ ነበር። ማግኔትም ያዝ። በሩ ላይ አልጣበቅ ካለህ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ። የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው መቀመጫው ሥር ስለሆነ ከሊብሬው ጋር አስተያየው። ካልገጠመ ብር እንዳትከፍል።

ሞተሩ አያስፈራህ። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። ፋንቤልቱን ሳትቀይር ግን መንገድ እንዳትወጣ፤ እሱ ከተበጠሰ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም ይቆማል። ዲናሞውንም የሚያዞረው ይኸው ቤልት ስለሆነ፣ ስትነዳ የዲናሞው መብራት ከበራ ወዲያው አቁም።

ለዕቃ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ መሄድህ አይቀርም። አሮጌውን ለናሙና ይዘህ ሂድ፤ በስም ብቻ ስትጠይቅ የማይገጥም ዕቃ ይሰጡሃል።

ቀለም የመጨረሻ ነው። ወለሉ ጤነኛ ከሆነ ሳታመነታ ግዛው። ስታየው ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።